ፖሊሽ እጥበት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዓል በተቃረበ ቁጥር፣ ይልቁንም ጳጉሜን ስትገባ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ፖሊሽ የሚሠራበት ቤት ሁሉ ደጁ ይሞላል። ባለመኪናው የሚለው አንድ ነው፤ «ደብዝዞብኛል፣ ፖሊሽ አድርጉልኝ»። ሠሪውም ብዙ አይጠይቅም። ማሽኑን ይሰካል፣ ይገፋል፣ መኪናው መስታወት መስሎ ይወጣል። ሦስት ወር ሳይሞላው ያው መኪና እዚያው ደጅ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በቀለምና በፖሊሽ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ነን፤ የምንለው የራሳችንን ገበያ የሚቀንስ ቢሆንም እንለዋለን። ወደኛ ከሚመጣው መኪና አብዛኛው የሚያስፈልገው ፖሊሽ ሳይሆን አስተጣጠቡን መቀየር ነው።

ነገሩ እንዲገባ ከውፍረት እንጀምር። ፋብሪካ የቀባው የቤት መኪና ቀለም ከቆርቆሮው እስከ ላይኛው ፊት ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ማይክሮን ነው፤ የጃፓን መኪኖች ላይ 80 እና 90 የሚነበብበት ቦታም አለ። ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፣ የራስ ፀጉር ራሱ ወደ 70 ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ከታች ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው 20 ገደማ፣ በላዩ ያለው ፕራይመር 30 ገደማ፣ ቀለሙ ራሱ 15 ገደማ ይወስዳል። ከሁሉ በላይ ያለው፣ ቀቢዎች ክሊር የምንለው ቀለም የለሽ ሽፋን፣ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የሚያብለጨልጨው እሱ ነው፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር መክቶ ቀለሙን የሚጠብቀውም እሱ ነው። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ደግሞ ክሊሩን ፍቆ ማሳነስ ነው፤ ጭረቱ የሚጠፋው ስለተሞላ ሳይሆን ዙሪያው ወደ ጭረቱ ጥልቀት ስለወረደ ነው። በሻካራ ኮምፓውንድ (ክሊሩን በሚፍቅ ቅባት) እና በበግ ፀጉር ፓድ (ማሽኑ ላይ በሚገጠም መወልወያ) አንድ ዙር ሲሠራ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ይሄዳል። በለስላሳ ስፖንጅና በማጠናቀቂያ ፖሊሽ ከሆነ 1 ወይም ከዚያ በታች። በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ታሽቶ ከሆነ ከ5 በላይ ሊሄድ ይችላል።

እንግዲህ ሂሳቡን ማንም ይሥራው። 40 ማይክሮን ክሊር ያለው መኪና በየበዓሉ፣ ማለትም በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በኮምፓውንድ ቢገፋ በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሹን ሊጨርስ ምንም አይቀረው። የቀረው ግማሽ ለዓይን አይታወቅም፣ መኪናው እንደ ወትሮው ያበራል። ጉዱ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

የእኛ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከምድር ወገብም የምንርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። አየሩ ነፋሻ ስለሆነ ሰው አይሰማውም እንጂ ኮፋኖና ጣሪያ ይሰማቸዋል። መጀመሪያ የሚላጠው ሁልጊዜ ጣሪያና ኮፋኖ የሆነው፣ በሮቹ ግን ደህና የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። «ደበዘዘ» የሚባለው መኪና ብዙውን ጊዜ አልደበዘዘም፣ ተቧጭሯል። ለማወቅ ጥላ ውስጥ ወይም ማታ የስልክ ባትሪ አብርቶ ኮፋኖውን ማየት ይበቃል። ብርሃኑን ከብቦ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ጭረት ከታየ ቀለሙ አልሄደም፤ የላይኛው ፊት ልስላሴውን አጥቶ ብርሃኑን ይበትናል፣ ዓይናችንም ያንን ድብዝዝ ብሎ ያየዋል። ድሩ ክብ ስለሆነ ብዙ ሰው «በክብ ስለተወለወለ ነው» ይላል። አይደለም። ጭረቶቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተሰመሩ ናቸው፤ ከብርሃኑ አቅጣጫ ጋር የሚሻገሩት ብቻ ስለሚያበሩ ክብ ሠርተው ይታያሉ። ባትሪውን ወዲያ ወዲህ ቢያደርጉት ክቡም አብሮ ይሄዳል።

ይህ ጭረት ከየት ይመጣል? ማለዳ በየግቢው የሚታየውን እንመልከት። የጥበቃ ሠራተኛው ወይም ሹፌሩ አሮጌ ካናቴራ አጥፎ ይይዝና ከጣሪያው ይጀምራል። ሳብ፣ ሳብ፣ አንዴ አየር ላይ ረገፍ፣ ከዚያ ኮፋኖው፣ ከዚያ በሩ። ጨርቁ ደረቅ ነው፣ መኪናው ላይ ያለው ደግሞ ሌሊት ያረፈ አቧራ ነው። አቧራውን በሁለት ጣት ቢያሹት ዱቄት ይመስላል፤ ነገር ግን የመንገድ ድንጋይ ብናኝ፣ የቀይ አሽ ደቃቅ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ከክሊሩ የጠነከረ ነው፣ በጨርቁና በክሊሩ መሃል ሆኖ ይጎተታል። ሰውየው ተግቶ፣ ለመኪናው አስቦ ነው የሚያደርገው፤ ትጋቱ በዓመት 300 ጊዜ ሲደጋገም ግን ማንም ላቫጆ ከሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል። አቧራ ተኝቶ ቢያድር መኪና አይጎዳም፣ የሚጎዳው ሲታሽ ነው። መስታወቱንና መብራቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ቆርቆሮውን መተው ይሻላል። ላባ የመሰለው የአቧራ ማራገፊያም ከካናቴራው የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው።

የመኪና ልብስ የሚያለብሱም አሉ። ንጹሕ መኪና ላይ፣ ነፋስ በማይገባበት ጋራዥ ውስጥ ከሆነ መልካም። አቧራ የጠጣ መኪና ላይ ደርበውት ደጅ ካደረ ግን ነፋሱ ጨርቁን ሌሊቱን ሙሉ እያውለበለበ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፤ ይበልጥ የሚጎዱትም የፓራፋንጎና የኮፋኖ ጠርዞች ናቸው።

ላቫጆ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፦ አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅ። ስፖንጁ ቸርኬውን ያጥባል፣ እዚያው ባልዲ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ኮፋኖ ላይ ይወጣል። ቸርኬ ላይ ያለው ጥቁር ብናኝ ከፍሬን ሸራና ከፍሬን ዲስክ የተፋቀ ነው፣ አብዛኛው ብረት ነው። በዚያ ላይ ስፖንጅ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቅንጣቱ የሚገባበት ቦታ የለውም፣ ፊቱ ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። ፀጉራም የማይክሮፋይበር ጓንት የሚመረጠው ቅንጣቱ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባለት ነው።

ትክክለኛው እጥበት እንዲህ ነው። መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም፣ ኮፋኖው በእጅ ሲነካ ይብረድ። ቸርኬዎቹ በራሳቸው ብሩሽና በራሳቸው ባልዲ አስቀድመው ይታጠቡ። ከዚያ በፓምፕ ከላይ ወደ ታች ይርጠብ፤ አፈሙዙ ውሃውን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ይሁን፣ ከቆርቆሮው ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ ጋራዥ የተቀባ ቦታ ላይ ደግሞ 50። ውሃው ቀጭንና ቅርብ ከሆነ ጠጠር መትቶት የነበረን ቀለም ከጠርዙ አንሥቶ እንደ ልጣጭ ይገፈዋል። አረፋ ካለ ይረጭና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ሳይደርቅ ይታጠብ። የዚህ ሁሉ ዓላማ እጅ ከመንካቱ በፊት የሚራገፈው አሸዋ እንዲራገፍ ነው። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ 15 ሊትር ገደማ፤ አንዱ ሻምፖ ያለው፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ ግርጌያቸው ላይ አሸዋው እንዲዘቅጥ ወንፊት ቢኖር ጥሩ ነው። የሻምፖው መጠን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው፤ አብዛኞቹ ለ10 ሊትር ውሃ ከ30 እስከ 50 ሚሊሊትር ይላሉ። ጓንቱ ከጣሪያው ይጀምራል፣ መስታወት፣ ኮፋኖ፣ የበሮቹ የላይኛው ግማሽ፣ የኋላው፣ በመጨረሻ ከበሩ ወገብ በታችና ባምፐሮቹ። አንድ ክፍል በታጠበ ቁጥር ጓንቱ ንጹሑ ባልዲ ውስጥ ይታጠብ፣ ይጨመቅ፣ ከዚያ ወደ ሻምፖው ይመለስ። እጅ አይጫን፤ የጓንቱ ክብደት ራሱ ይበቃዋል። እንቅስቃሴው ቀጥ ያለ ይሁን የምንለውም ጭረቱን ስለሚያስቀር አይደለም፣ አንዲት ቅንጣት ብትገባ የምትሠራው መስመር አጭርና በአንድ አቅጣጫ ስለሚሆን ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል ሊል ይችላል። ሳይለቀለቅ የሚታጠብበት፣ በውሃ የሚቀጥን ፈሳሽ አለ፤ አንድ ባልዲ ውሃ ላይ ጥቂት ሚሊሊትር ተጨምሮበት፣ ብዙ ፎጣ ተነክሮበት፣ እያንዳንዱ የፎጣ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ እየዋለ ይሠራል። ለአቧራ ግሩም ነው። የክረምት ጭቃ ላይ ግን አይሞከርም።

ስለ ኦሞ። «ኦሞ ቀለም ይበላል» የሚለው የተጋነነ ነው፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና የፋብሪካን ክሊር በአንድ ሁለት እጥበት አያሟሟም። የሚያደርገው ሌላ ነው። ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ወደ 10 እና 11 የሚጠጋ አልካላይን ስለሆነ የተቀባውን ሰም ጠርጎ ይወስዳል፣ በየመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጎማ ያደርቃል፣ ጥቁሩን ፕላስቲክ ያነጣዋል፣ ያልሟሟው ዱቄትም በየስንጥቁ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ሳሙና ከእሱ ይለዝባል፣ ሰሙን በማንሣት ግን አይለይም። ሁለቱም ቅባት ለማውጣት የተሠሩ ናቸው፤ የመኪና ሻምፖ ደግሞ ጓንቱ እንዲንሸራተት ታስቦ የተሠራ ነው፣ ጭረት የሚከላከለውም ይህ መንሸራተቱ ነው። ከእጥበት በኋላ ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ ሰውነቱን መወልወል ግን ምንም የሚባልለት ነገር የለውም። ለሁለት ሰዓት ያበራል፣ ከዚያ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይጠራና ይይዛል፣ የበር ጎማ ያሳብጣል። ያን አቧራ ማግሥት ማለዳ ካናቴራው ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግረናል።

የማድረቂያውን ፎጣ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ወፍራም የማይክሮፋይበር ፎጣ፣ 60 በ90 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ኮፋኖው ላይ ተዘርግቶ በሁለት ጫፉ ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ማሸት የለም። ውሃው በራሱ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ መተው ደግሞ የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀሙ ላቫጆዎች ጉዳቱ ብዙ ነው። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛዋል፤ ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ጥሎ ይሄዳል፣ ሰንብቶ በፀሐይ ሲጋገር ክሊሩን ይቦረቡራል። ገና አዲስ ከሆነ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ ጨርቅ ነክሮ አንድ ደቂቃ ማሳረፍና ማጠብ ያነሣዋል። ካልተነሣ ገብቷል ማለት ነው፣ የፖሊሽ ሥራ ሆኗል።

ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር ግንባታ ላይ ናት፣ የኮሪደር ልማቱም በየጎዳናው ኮንክሪት ያስፈሳል። የሲሚንቶ ነገር እንዲህ ነው፦ ብናኙ ደረቅ ሆኖ ሲያርፍ ጉዳት የለውም። ሌሊት ጤዛ ሲያገኘው ግን እዚያው መኪናው ላይ ይቦካል፣ ማለዳ ይጠነክራል። የረጠበ ሲሚንቶ ፒኤች ከ12 በላይ ነው፣ ከኦሞም ይብሳል። ስለዚህ ግንባታ አጠገብ ያደረ መኪና ማለዳ አይወለወልም፣ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። ጠንክሮ ከተገኘ በጥፍር፣ በምላጭ፣ በሳንቲም አይነካም፤ አቼቶ የጠጣ ጨርቅ ለ10 እና 15 ደቂቃ ይለጠፍበት፣ ሲለሰልስ ይታጠብ፣ ካልለቀቀ ይደገም። ሦስት አራት ጊዜ ሊፈልግ ይችላል፣ ትዕግሥት ነው።

የወፍ ኩስ አሲድ ስላለው ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ቀን ኮፋኖው ሲግል ክሊሩ ይለሰልሳል፣ ኩሱ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተርና ክሊሩን ይዞ ይጎትታል፤ ማታ ሲበርድ ቅርጹ እንደተሸበሸበ ይቀራል። ስለዚህ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። እርጥብ ጨርቅ 5 ደቂቃ ይጣልበት፣ ከዚያ ወደ ላይ ይነሣ፤ ኩስ ውስጥ የፍሬ ዘርና ጠጠር አለ፣ ማሸት ያንን መጎተት ነው። የጥድ ሙጫ በ70 በመቶ አልኮል ለግማሽ ደቂቃ ሲነከር ይለቃል። አዲስ አስፋልት ላይ ሲነዳ የሚረጨው ጥቁር ነጥብ ደግሞ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ተነክቶ፣ ወዲያው በሻምፖ ይታጠባል። ለሁለቱም ቲነር አይሞከር። የፋብሪካው ቀለም ቢችለውም ጋራዥ የተቀባው፣ በተለይ ያለ ማጠንከሪያ የተቀባው፣ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይነሣል።

የሠርግ መኪናንም ሳናነሣ አናልፍም። አበባውና ሪባኑ ኮፋኖ ላይ በማሸጊያ ስኮች ይለጠፋል፤ አጀቡ ሲዞር ይውላል፣ ስኮቹ በፀሐይ ይበስላል፣ ማታ ይነቀላል። ቦታው ቀድሞ ጋራዥ ተቀብቶ ከነበረ ቀለሙ ከስኮቹ ጋር ይመጣል። በነፋስ የሚጋረፍ የሪባን ጫፍም እንዲሁ ይፍቃል። አበባውን በጎማ መምጠጫ ማያያዝ፣ ግዴታ ከሆነ ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ብቻ መለጠፍና እዚያው ቀን ማንሣት ነው። የተከራየው መኪና ከሆነ ደግሞ ጠቡ ለሙሽሮቹ ይተርፋል።

ፖሊሽ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አላልንም። አለ፤ ግን በልክ። ጥሩ ሠሪ ማሽን ከማንሣቱ በፊት የቀለም ውፍረት መለኪያ ያነሣል፤ እያንዳንዱን ክፍል አራት አምስት ቦታ ይነካል። ንባቡ ከ100 እስከ 140 ከሆነ የፋብሪካ ነው፣ ከ180 በላይ ከሆነ እንደገና የተቀባ መሆኑ ያጠራጥራል፣ 400 እና 500 ካለፈ ሥሩ ስቱኮ አለ። መለኪያው የሚሰጠው የሁሉንም ድርብርብ ድምር እንጂ የክሊሩን ብቻ ስላልሆነ፣ 80 ያነበበ ኮፋኖ ላይ በኮምፓውንድ የሚገፋ ሰው ቁማር ይጫወታል። ፕላስቲክ ባምፐር ላይ ተራው መለኪያ አያነብም። (መኪና ለሚገዛም ይህ ዕቃ ከማንኛውም ደላላ ቃል የበለጠ ይናገራል።)

ከዚያ ከእጥበቱ በኋላ ኮፋኖው ላይ ቀጭን ላስቲክ ጣት ላይ አድርጎ መዳበስ ነው። ከሻከረ የተተከለ የብረት ብናኝና የቀለም ርጭት አለ፤ በክሌይ (የተተከለውን ብናኝ ይዞ በሚያነሣ ሊጥ መሰል ነገር) እና በማንሸራተቻ ፈሳሽ ይነሣል። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ይጣላል፣ «ታጥቦ ይሠራል» የለም። ጠርዝና መገጣጠሚያ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል፣ ቀለም በጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነውና። 40 በ40 ሳንቲሜትር በሆነች አንዲት ቦታ በጣም በለስላሳው ፓድና ፖሊሽ ይጀመራል፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ይወጣል። አብዛኛው ቤት ከሻካራው ነው የሚጀምረው፣ ፈጣን ስለሆነ። ፓዱ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ፖሊሽ ሦስት አራት ነጥብ ይበቃል፤ ማሽኑ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር እየሄደ፣ አግድምና ቁልቁል፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመላለሳል። ቆርቆሮው ላይ መዳፍ አሳርፎ መቆየት ካልተቻለ ግሏል፣ ይቁም። ፓዱ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ይጸዳል፤ የተነሣው ክሊር ፓዱ ውስጥ ሲጠራቀም ራሱ ይጭራልና።

አንዳንድ ቦታ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ፓድ ገጥመው ሲሠሩ ይታያል። የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 2,500 ዙር ያህል ይሠራል፤ ግራይንደር 11,000 ነው። አንዲት ሰከንድ ጠርዝ ላይ ቢቆም ክሊሩን አልፎ ቀለሙን፣ ቀለሙን አልፎ ፕራይመሩን ያወጣል። ያ ቦታ ከዚያ በኋላ በፖሊሽ አይድንም፣ ክፍሉ ሙሉ ይቀባል። መኪናዎን ሲያስረክቡ ማሽኑን አይተው ይስጡ።

ሌላው ማታለያ ረቀቅ ያለ ነው። ዘይትና መሙያ የበዛበት ፖሊሽ ጭረቱን ሳያነሣ ይሸፍነዋል። ሲረከቡ መስታወት ነው፤ ሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ድሩ ይመለሳል፣ ባለመኪናው አጣቢውን ይሰድባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ከ15 እስከ 20 በመቶ የሆነ አልኮል በውሃ፣ ኮፋኖው ጥግ ላይ ረጭተው በንጹሕ ማይክሮፋይበር ይጥረጉና የስልክ ባትሪ ያብሩበት። እውነተኛ ሥራ አልኮል አይፈራም።

የማይድነውን ማወቅም ያስፈልጋል። ጣሪያው ላይ ነጭ እንደ ቆዳ በሽታ የተበታተነ ነገር ታይቶ፣ ውሃ ሲነካው ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ፣ ጠርዙም ከተላጠ፣ ክሊሩ ሞቷል። ፀሐይ ላይ ዓመታት ከርመው ከገልፍ አገሮች በገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ይህ ይበዛል። እሱን ፖሊሽ አደርጋለሁ የሚል ገንዘብ ይቀበላል እንጂ አይሠራም፤ ተፍቆ ይቀባል። በአንጻሩ የድሮ ላዳና ቮልስ ላይ ክሊር ብሎ ነገር የለም፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ነው። ሲሠራ ፓዱ ሰማያዊ ወይም ቀይ ሲሆን ባለቤቱ ይደነግጣል፤ አይደንግጥ፣ የሚነሣው በፀሐይ የሞተው የላይኛው ቀለም ነው። እነዚህ መኪኖች በእጅ እንኳ ተሠርተው የሚያሳዩት ለውጥ የዛሬዎቹን ያስንቃል።

የመከላከያ ቅባቱ ጉዳይ ባጭሩ። የካርናውባ ሰም (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኘው) በእኛ ፀሐይ የሚቆየው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ቅባት ከ4 እስከ 6 ወር። ሴራሚክ ኮቲንግ (ተቀብቶ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሽፋን) በሥርዓት ከተሠራ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይሄዳል፤ ዐሥር ዓመት የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ዐሥሩን ዓመት በጽሑፍ ይጠይቁት። ለሴራሚክ የሚሰጠው «9ኤች» የሚለው ምልክት የሚለካው በእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ድንጋይ አይመክትም። የሴራሚኩ ውፍረትም 1 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ጠጠርን የሚመክተው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሆነው ግልጽ የፕላስቲክ ፊልም ነው፣ ሁለቱ አይምታቱ። ሴራሚክ ሲቀባ ከሥሩ ያለው ጭረት አብሮ ይታሸጋል፣ ስለዚህ ፖሊሹ ቀድሞ ያለቀ፣ በአልኮልም የተጠረገ መሆን አለበት። ከተቀባ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው፣ ሳምንት ሙሉ ሻምፖ አይንካው። ክረምት ላይ ጣሪያ የሌለው ቦታ ላይ የሚቀባ ሰው ካለ ሥራውን አያውቀውም ማለት ነው። ጋራዥ አዲስ የተቀባ ክፍል ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር እስኪተን ቢያንስ 30 ቀን ሰምም ሴራሚክም አይቀባም፤ የነሐሴ ብርድ ላይ ከሆነ 60 ቢጠበቅ ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ቻርጅ ላይ ሳለ አይታጠብም፣ የቻርጅ መሰኪያው ክዳን መዘጋቱ ይታይ፣ ፓምፑ ከሥር ወዳለው ብርቱካናማ ገመድና መገጣጠሚያ አይነጣጠር። እነዚህ መኪኖች ፍጥነታቸውን በሞተሩ ስለሚቀንሱ ፍሬናቸው ብዙ አይሠራም፤ ቸርኬያቸው ንጹሕ ነው፣ ዲስኩ ግን ከእጥበት በኋላ ቶሎ ይዝጋል፣ ስለዚህ ከላቫጆ ሲወጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ አድርጎ ፍሬን መያዝ ነው። ከመርከብ ሲወርዱ ኮፋኖና ጣሪያቸው ላይ የተለጠፈውን ነጭ ፊልም «ይጠብቀዋል» ብሎ ወራት ማቆየትም ስሕተት ነው። ፊልሙ ለጉዞ ብቻ የተሠራ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይበስላል፣ ሲነሣ ጥላውን ቀለሙ ላይ ጥሎ ይሄዳል። መኪናው በገባ ሳምንት ይነሣ፣ ሙጫ ከቀረ በሞቀ ውሃና በአልኮል ይለቅ።

ላቫጆዎችን በሁለት ባልዲ እንዲያጥቡ ማስገደድ እንደማይቻል እናውቃለን፤ ቀኑን ሙሉ በመኪና ብዛት ነው የሚኖሩት። ባለመኪናው ግን የራሱን ሁለት ጓንትና ሁለት ፎጣ ይዞ መሄድ ይችላል፤ አንዱ ጓንት ለቸርኬ፣ አንዱ ለሰውነት፣ ቀለማቸው ይለያይ። ለአጣቢው ልጅ ጥቂት ጨምሮ «ንጹሕ ውሃ ቀይርልኝ፣ ቸርኬውን በዚህኛው እጠብ» ማለት በቂ ነው፣ ልጆቹ ይሰማሉ። ቤት ሲመለሱ ፎጣውና ጓንቱ ከጥጥ ልብስ ጋር አብረው አይታጠቡ፣ የጥጡን ብናኝ ይሰበስባሉ፤ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙና ይታጠቡ፣ ማለስለሻ አይግባባቸው፣ ጥላ ላይ ይድረቁ። መሬት የወደቀ ፎጣ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቸርኬ ፎጣ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በመኪና ቀለምና ፖሊሽ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ